ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቃት መርከብ

በእንግሊዝ አገር በሃሪች ወደብ መጠጥ ቤት የሚያመሽ ሁሉ ይመሰክራል፤ ጃቤዝ ትሬሎር የሮዛሙንድን ሆድ ዕቃ የሚያውቀውን ያህል የገዛ ሚስቱን ፊት አያውቅም። በዚህ ነገር ሚስቱ ላቭዴይም ትስማማለች።

ሮዛሙንድ ቀላል ክሩዘር የሚሏት የጦር መርከብ ናት፤ ቀጭን፣ ሦስት ጭስ ማውጫ ያላት፣ ስትሮጥ የሰሜንን ባሕር እንደ አቡጀዲ ለሁለት ቀድዳ ዓሣውን በደረቅ መሬት የምታስቀር። ጃቤዝ ውሃ አፍልተው በእንፋሎት ከሚያስሮጧት ቦይለሮቿ ፊት የማይለይ አንጋፋ እሳት አንዳጅ ነው። አንድ እሑድ ጓደኞቹ ዓይኑን በጥቁር መሐረብ ጠፍረው፣ እስከ አፉ የሞላ የካካዎ ኩባያ አስይዘው፣ ከመርከቢቱ አፍንጫ እስከ ጭራዋ በውስጥ ለውስጥ ሂድ አሉት። መሰላሉን ወርዶ፣ በየቦይለሩ መሀል አልፎ፣ ሌላውን መሰላል ወጥቶ ጠብታ ሳይደፋ ደረሰ። ኩባያው ሲነሣ ከነበረው ይልቅ ሞልቶ ተገኘ የሚሉም አሉ። እሱን ማጋነን ነው ብንል እንኳ፣ ካካዎው ትኩስ እንደ ነበር ግን የሚክድ የለም።

ከዚያ ወዲያ ጃቤዝን የሚችለው ጠፋ። «እኔ መርከቤን ዓይኔን ጨፍኜ አውቃታለሁ» ሳይል እንጀራ አይቆርስም፤ እሱ አገር ደግሞ እንጀራ ማለት ሥጋና ድንች የታጨቀበት ቂጣ ነው፤ የኮርንዎል ሰው ያለዚያ መሥራትም መማልም አይችልም።

ሮዛሙንድ ግን ብቻዋን አልተወለደችም። ባሕር ኃይሉ በአንድ ንድፍ አራት እህትማማች አሠርቶ ነበር። ከእነሱ ክሎሪንዳ የምትባለው ከሮዛሙንድ ጋር ጎን ለጎን ስትቆም፣ ንድፉን የሣለው ሰውዬ ራሱ ቢመጣ ዕጣ ካልጣለ አይለያቸውም። ያው ግራጫ ቀለም፣ ያው መድፍ፣ ያው መልሕቅ። ምልክቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሮዛሙንድ በመካከለኛው ጭስ ማውጫዋ ላይ ቀይ ቀለበት ተቀብታለች፣ ክሎሪንዳ የላትም። የቀረው ልዩነት ሆዳቸው ውስጥ ነው። ሮዛሙንድ በደቡብ እንግሊዝ፣ ክሎሪንዳ በስኮትላንድ ክላይድ ወንዝ ዳር ተሠሩ፤ ንድፉ አንድ ቢሆንም የየወንዙ ቧንቧ ሠሪ ቧንቧውን በለመደበት በኩል ነው የሚያሳልፈው። ይህን ጃቤዝ አያውቅም ነበር። ማን ይነግረዋል? ከአፉ ፋታ ሲገኝ አይደል።

አንድ የሚፈራው ሰው ቢኖር የሮዛሙንድ የሥነ ሥርዓት ሹም ጌጅ ነው። ጌጅ ሲቆጣ አይጮህም፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ድምፁ ዝቅ ባለ ቁጥር የሰው ጉልበት አብሮ ይወርዳል። ጃቤዝ ከዕረፍት ሁለት ጊዜ ዘግይቶ በተመለሰ ጊዜ ጌጅ ጠርቶ በሹክሹክታ እንዲህ ብሎት ነበር፦

«ትሬሎር፣ ሦስተኛ ከዘገየህና መርከቧ ለጦር ከወጣች፣ ዘገየ ብዬ አልጽፍህም። በጠላት ፊት ከዳ ብዬ ነው።»

በጠላት ፊት የከዳ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ጃቤዝ ያውቃል። ከፍርዱ ይበልጥ ያስጨነቀው ግን የትውልድ መንደሩ ኒውሊን ነበር። እዚያ ከዳተኛ ለተባለ ሰው እንኳን ሰው፣ ድመት እንኳ መንገድ አትለቅም።

ከጀርመን ጋር ጦርነቱ በገባ በሁለተኛው የብርድ ወራት አንድ ማለዳ፣ ጃቤዝ በመርከበኞች ማደሪያ ተኝቶ ሳለ የወደቡ ጡሩንባ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። ሁሉም ወደየመርከቡ ይመለስ! ጃቤዝ አንድ እግሩን ሱሪው ውስጥ ሌላውን ደረጃው ላይ አድርጎ ወጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የመርከቧ ስም የተጻፈበት ቆቡ መንገድ ላይ በረረ፤ ላቭዴይ የሠራችለትን የሱፍ ቆብ እስከ ቅንድቡ አጠለቀ። የዚያን ዕለት ጭጋግ ደግሞ ዝሆን ቢደገፍበት አይጥልም። አንድ ሰው አፍንጫውን ሊያብስ መሐረብ አውጥቶ የጎረቤቱን አፍንጫ አበሰ ይባላል።

ጀልባዋ ሰው ጭና ጭጋጉ ውስጥ ገባች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግራጫ ግድግዳ ከፊታቸው ቆመ።

«ደርሰናል፣ አውርደኝ» አለ ጃቤዝ።

«ቆይ እስቲ ሰውዬ፣ ጠይቄ ልንገርህ» አለው ጀልባ ነጂው። «በዚህ ጭጋግ የትኛዋ እንደ ሆነች እኔም አልለየኋት።»

«ለኔ ነው የምትጠይቅልኝ? እኔ እሷን በጠረኗ አውቃታለሁ!»

መሰላሉን እንደ ጦጣ ወጣ። እንደ ደንቡ ወደ መርከቢቱ የኋላ ወለል ዞሮ የክብር ሰላምታ ሰጠ። ዘበኛው አንገቱን በሻርፕ ቀብሮ «ቶሎ በል፣ መልሕቅ እየተነሣ ነው!» አለው እንጂ ቀና ብሎ አላየውም። ጃቤዝ ደረቱን ነፍቶ ተነፈሰ። ደረሰ! ከጌጅ ሹክሹክታ ተረፈ። ከዚያ እግሩ በለመደው መንገድ ቁልቁል ወሰደው፤ መጀመሪያው መሰላል፣ ጠባቡ መተላለፊያ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፤ ግንባሩ ከቧንቧ ጋር ተላትሞ መርከቧ እንደ ደወል ጮኸች።

«ይህን ቧንቧ ማን አመጣው?» አለ ግንባሩን ይዞ።

«ክላይድ ወንዝ» አለ አንድ ቀይ ፀጉር ስኮትላንዳዊ ከስር ሆኖ። «አንተንስ ማን አመጣህ?»

ጃቤዝ ሰውየውን አየው። በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። ከጀርባው ያሉትንም አያውቃቸውም። 

«ይቺ… ሮዛሙንድ አይደለችም?»

ሳቁ ከቦይለሮቹ ጩኸት በላይ ሄደ። «ጓዶች፣ ያ ባለ ኩባያው ሰውዬ መጣላችሁ! ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቃት!» አለ ቀይ ፀጉሩ፤ ስሙ ፈርገስ ማክሬ ነው። «ወንድሜ፣ ዘንድሮ ዓይንህን ብትገልጥ ምን ነበረበት?»

ጃቤዝ ወደ ላይ ሮጠ። የወደቡ በር ከኋላ ቀርቷል፤ መርከቧ ክፍት ባሕር ይዛለች። የክሎሪንዳ እሳት አንዳጆች አለቃ ቦልት ነበር፤ ጢሙ በአንድ በር የማይገባ፣ በጎኑ እየዞረ የሚያልፍ ሰው። ጃቤዝ ክንዱን ያዘው።

«አለቃ፣ ስለ እግዜር ብለው፣ ለሮዛሙንድ ምልክት ይላክልኝ። እዚህ ነኝ በሉልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

«በምን ልላክልህ ልጄ? ሬዲዮ ጠላት ይሰማል ተብሎ ክልክል ነው። መብራት ብናበራ በዚህ ጭጋግ የገዛ እጃችንን አናይም።»

«ጌጅ ከዳ ብሎ ይጽፈኛል!»

ቦልት ጢሙን አሸ። ጌጅን እሱም ያውቀዋል። «እንግዲህ ጭጋጉ ሲገልጥ ምልክት ሰጪውን እኔ ራሴ እለምንልሃለሁ። እስከዚያ ከፈርገስ ጋር ሥራ። እንግዳ አላበላም፣ እሳት ነው የማበላው።»

ከቦይለሩ ክፍል በላይ ቁም ሣጥን የምታክል ክፍል አለች፤ ወደ እሳቱ የሚወረደው በእሷ ነው። ግድግዳዋ ላይ ሁለት መዘውሮች አሉ። አንዱ ለምድጃዎቹ የሚሄደውን ዘይት ይዘጋል፣ ሌላው ለቦይለሮቹ የሚሄደውን ውሃ። ጃቤዝ ሮዛሙንድ ላይ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ሲያልፍ የሱፍ ቆቡን በቀኙ መዘውር ላይ ሊሰቅል እጁን ሰደደ። ፈርገስ እጁን በጥፊ መታው።

«ንካውና ሁላችንም ሰማይ ቤት ቁርስ እንብላ!»

«የዘይቱ አይደለም እንዴ?»

«በናንተ ቤት ይሆናል። እዚህ ቀኙ ውሃ ነው። ዘይቱ በግራ ነው፣ ዝቅ ብሎ፣ ከጉልበትህ በታች። እሳት እየነደደ ውሃውን የዘጋህ ለታ ቦይለሩ ፈንድቶ፣ ቁርጥራጫችንን ሆላንድ ውስጥ ላሞች ያገኙታል።»

«ይህን ያህል ግራ የሆነ አገር አይቼ አላውቅም» አለ ጃቤዝ።

«አገሩስ ደህና ነው፤ ግራ የሆነው እንግዳው ነው።»

ጠዋቱ እንዲሁ አለፈ። የጃቤዝ እጅ በሄደበት ሁሉ ጠፋ። ቁልፍ ሲፈልግ ባዶ ግድግዳ ጨበጠ፤ መደገፊያ ሲፈልግ ትኩስ ብረት ያዘ፤ ያንኑ ቧንቧ በግንባሩ ደጋግሞ መታው፣ ቧንቧው ጎበጠ ብለው የተሳለቁበትም ነበሩ። ቀትር ላይ ሩም የሚባለው የመርከበኞች አረቄ የሚታደልበት ሰዓት ሲደርስ በመርከቧ ቆጠራ የሌለ ሰው ሩም የለውም ተባለ። ባሕር ኃይል ውስጥ ሰው ሞቶ እንኳ ሩሙ አይቀርም፤ ጃቤዝ ከሙታን በታች ሆነ። ፈርገስ አይቶ አይቶ ኩባያውን ገፋ አደረገለት።

«አንድ ጉንጭ ብቻ። ጉንጭ ነው ያልኩት፣ የኮርንዎል ጉንጭ አይደለም።»

ጃቤዝ ጠጣ፤ አልሞቀውም። ጌጅ አሁን ስሙን ጠርቶ፣ ዝም ሲባል ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠርቶ፣ ብዕሩን እየነከረ እንደ ሆነ ታየው።

ከቀትር በኋላ ጭጋጉ እንደ መጋረጃ ተገፈፈ። ቦልት ቃሉን ጠብቆ ከላይ ጠራው። ባሕሩ ጠርቷል፤ ከሩቅ ሮዛሙንድ ትታያለች፤ በመካከለኛው ጭስ ማውጫዋ ላይ ያ ቀይ ቀለበት። ጃቤዝ እንባው መጣ። ምልክት ሰጪው መብራቱን ወደ እሷ አዞረ፣ እጁን መዝጊያው ላይ አደረገ፤ ያኔ ከወዲያ ማዶ አድማሱ ላይ ሦስት የብርሃን ብልጭታ ታየ።

«ጀርመኖች!»

ምልክቱ ሳይላክ ቀረ። የመጀመሪያው ጥይት ከመርከቧ አጠገብ ወድቆ የዓለምን ውሃ ግማሽ ሽቅብ አነሣ። «ሁሉም ወደ ቦታው!» ተባለ። ጃቤዝ ግን ቦታ የለውም። ቦልት የውሃ ቱቦ አስጨበጠውና ከቦይለሩ ክፍል በላይ ባለው መተላለፊያ ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር አቆመው።

ታች ያለ ሰው ጦርነትን በጆሮው ነው የሚያየው። የራሳቸው መድፍ ሲተኩስ ወለሉ ከእግር ይሸሻል፤ የጠላት ጥይት ሲቀርብ የመርከቧ ጎን በስንት ሺህ መዶሻ እንደተደበደበ ይጮሃል። ክሎሪንዳ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ትጠማዘዛለች። አንድ ጊዜ ከኋላ በኩል «እሳት!» ተብሎ ተጮኸ፤ ሁለቱ ጓዶቹ ቱቧቸውን ጎትተው ወደዚያ ሮጡ። ጃቤዝ ብቻውን ቀረ።

ከዚያ መጣ። ድምፁን አልሰማውም። ግድግዳው ወደ እሱ መጣ፣ ወለሉ ወጣ፣ መብራቱ ጠፋ። ራሱን ሲያውቅ በአራት እግሩ ነው፤ ጆሮው እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። ከስሩ ካለው ብረት ስንጥቅ ቀይ ብርሃን ይወጣል። የጥይት ስብርባሪ የዘይቱን ቧንቧ በጥሶታል፤ ዘይቱ የቦይለሩ ክፍል ወለል ላይ እየፈሰሰ ይነዳል። ከታች ጩኸት ሰማ፤ የፈርገስን ድምፅ ለየው።

«ዘይቱን ዝጉት! ኧረ ዘይቱን!»

መሰላሉ ከእሳቱ ወዲያ ነው። ዘይቱ እስከ ፈሰሰ ድረስ እሳቱ አይጠፋም፤ እሳቱ እስካልጠፋ ድረስ ሰው አይወጣም። ጃቤዝ የዚያችን ጠባብ ክፍል በር ከፈተ። ጭሱ እንደ ቡጢ ፊቱን መታው። ዓይኑን ጨፈነ፤ ሊገልጠውም ቢል አይችልም። እንግዲህ ጉራው ያለበት ቦታ ደረሰ፤ ጨለማ፣ የመርከብ ሆድና እሱ።

እጁ አላመነታም። ወደ ቀኝ ተዘረጋ፣ መዘውሩን አገኘ፣ ጨበጠ። ልክ በቦታው ነበር፤ ቅዝቃዜው፣ ውፍረቱ፣ የዳር ዳሩ ጥርስ። የገዛ ቤቱን በር እጀታ ያህል ያውቀዋል። ማዞር ጀመረ። መዘውሩ በደስታ ዞረለት።

«ጃቤዝ!» ፈርገስ ከስር ሳል እያቋረጠው ጮኸ፤ ላይ ማን እንዳለ እንኳ አያውቅም፤ ያለውን ስም ሁሉ ነበር የሚጠራው። «ቦልት! ጃቤዝ! ማን አለ?»

የፈርገስ ድምፅ ጥፊውን አስታወሰው። ቀኙ ውሃ ነው። ጃቤዝ ቆመ። እጁ ግን አልቆመም፤ እውነት ነው፣ የገዛ እጁ እምቢ አለው። ስንት ዓመት ያስተማረው እጅ «እኔ አውቃለሁ፣ አንተ ዝም በል» አለው። ጃቤዝ በግራ እጁ የቀኝ እጁን አንጓ ያዘና እንደ ሌባ ጎትቶ አላቀቀው። ያዞረውን መልሶ ከፈተ። ከስር ቦይለሩ ረጅም ትንፋሽ እንደሚወስድ በሬ ሲያጓራ ሰማ፤ ውሃው ተመለሰ።

ከዚያ ወደ ግራ ዞረ። እጁ ባዶ አየር ዳበሰ። ግድግዳ። ባዶ። ደረቱ ሊፈነዳ ደርሷል። «ዝቅ ብሎ፣ ከጉልበትህ በታች።» ተንበረከከ። አገኘው። ከእሳቱ ጎን ስለ ሆነ ብረቱ ግሏል፤ የመዳፉ ቆዳ ሲጮህ ተሰማው። እጁን አላነሣም። ትከሻውን ደግፎ፣ የኒውሊንን ቅዱሳን በሙሉ በስማቸው፣ ያልጸደቁትንም ጭምር ጠርቶ ገፋ። መዘውሩ ነቅነቅ አለ። ዳግመኛ ገፋ። ዞረ፤ ዞረ፤ ገጥሞ ቆመ።

ከስር ያለው ቀይ ብርሃን ብርቱካንማ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ።

መጀመሪያ ያወጡት ፈርገስን ነው። ቅንድብ የለውም፣ እግሩ ተሰብሯል፣ አፉ ግን ደህና ነው። «ማን ነው የዘጋው?» ሲል ጠየቀ። ቦልት ወደ ጃቤዝ ጠቆመ። ፈርገስ የተቃጠሉትን መዳፎች አየ።  እጁን ዘርግቶ የጃቤዝን እጅጌ ያዘ፤ ሐኪሙ እስኪመጣ አልለቀቀም።

ክሎሪንዳ በግማሽ ጉልበቷ እየተጎተተች ቀረች፤ ሮዛሙንድ ግን ዞራ መጣች። በእህቷና በጠላት መሀል ገብታ፣ ከሦስቱ ጭስ ማውጫዎቿ ፀሐይን ለአንድ ሳምንት የሚጋርድ ጥቁር ጭስ ለቀቀች። ያ የተረገመ ጭጋግም ተጸጽቶ መሰለኝ፣ ከባሕሩ ላይ ተነሥቶ ተቀላቀላት። ጀርመኖቹ ጥቂት ጊዜ ጭሱ ላይ ሲተኩሱ ቆዩና ሄዱ። የክሎሪንዳ የሕክምና ክፍል ስለ ፈረሰ፣ ባሕሩ ሲረጋ ሮዛሙንድ ጎኗን አስጠግታ ቁስለኞቹን ለመቀበል ሳንቃ ጣለች።

ጃቤዝ ከፈርገስ ቃሬዛ ጎን ሆኖ ሳንቃው ላይ ወጣ። ማዶ ላይ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጌጅ ቆሟል።

«ትሬሎር» አለ፤ ድምፁ ከማዕበሉ በታች ነበር።

«አቤት፣ ጌታዬ።»

«የት ነበርክ?»

 ዓይኔን ጨፍኜ አውቃታለሁ ያላትን መርከብ ዓይኑን ገልጦ ስቷታል፤ ይህን በምን አፍ ይናገረዋል? አንድ እግሩ ሳንቃው ላይ፣ አንዱ የሮዛሙንድ ጠርዝ ላይ ቀረ።

«ጌጅ!» ቦልት ከክሎሪንዳ ላይ ጮኸ። «ሰውየውን አትያዘው፣ የኛ ጥፋት ነው! ተውሰነው ነው!»

«ምን አልክ?»

«እሳት አንዳጅ አጥሮን ጠዋት ተዋስነው!»

«ሰው እንደ መጥበሻ ይዋሳል እንዴ? ወረቀቱ የታለ?»

«ተቃጠለ!» ቦልት የከሰለውን ወለል በእጁ አሳየው። «ካላመንክ አመዱን በከረጢት ልላክልህ!»

ፈርገስ ከቃሬዛው ላይ ቀና አለ። «ጌታዬ፣ ሲፈልጉ መልሰው ያውሱን። ጉራውን ግን እዚያው ያስቀሩልን።»

ጌጅ አልሳቀም። የጃቤዝን እጆች ገልብጦ መዳፎቹን አየ። የመዘውሩ ቅርጽ እንደ ማኅተም ታትሞባቸዋል።  ለጃቤዝ ኒውሊን ሁሉ ከነድመቶቿ ከጌጅ ጀርባ ተሰልፋ የምትጠብቅ መሰለው።

«ውሰት ከሆነ» አለ ጌጅ በመጨረሻ፣ በመጠኑ ከፍ ባለ ድምፅ፣ «ዕቃው ተበላሽቶ ነው የተመለሰው። ሐኪም ዘንድ ሂድ። ከዳንክ በኋላ ግን እስከ ፋሲካ ከዚህች መርከብ አትወርድም። ከወረድክ ደግሞ ማን እንደሚዋስህ አይታወቅም።»

«እሺ ጌታዬ። የቀትር ሩሜስ?»

«ጥፋ ከፊቴ!»

ጃቤዝ ሁለተኛ እግሩን አስገባ። ወደ ኋላው ወለል ዞሮ፣ በተቃጠለ እጁ የሰላምታውን ልክ አደረሰ። ከዚያ ወረደ፤ መጀመሪያው መሰላል፣ ጠባቡ መተላለፊያ። የቤቱ ሽታ አወደው። እዚህ ማንም አያሳስተውም። ወደ ቀኝ ሲዞር ያ የክላይድ ቧንቧ ትዝ አለውና፣ እንዳይላተም በብልሃት ወደ ግራ ጎንበስ አለ፤ ግንባሩ ከቧንቧ ጋር ተላትሞ ሮዛሙንድ እንደ ደወል ጮኸች።

«ይህን ደግሞ ማን አመጣው?» አለ ጃቤዝ።